የበርናባስ ፍሬን

የእድሩ ሰዎች የድንኳኑን ቋሚ ይዘው ግቢው መሃል ቆመዋል። ሌሊቱን የጣለው ዝናብ ከእንጦጦ ቁልቁል ወርዶ መንገድ ዳር የተተከለውን ድንኳን አጥለቅልቆታል፤ ለቀስተኛው አሁን ወደ ግቢ መግባት አለበት። ግቢውን ግን የሟቹ የበርናባስ መኪና ይዛዋለች፤ የፊት ግራ ጎማዋ ወልቆ በክሪክ እንደተደገፈች።

ቤት ውስጥ፣ መሬት በተነጠፈው ፍራሽ ላይ የተቀመጠችው ሚስቱ መቅደላዊት የሚባለውን ሁሉ ትሰማለች። የበርናባስ ታላቅ ወንድም ወንድይራድ ድምፁን ዝቅ ያደረገ መስሎታል። ወንድሙ እየነካካ እንዳበላሻት፣ ተረባርቦ ተሸክሞ ማውጣትና ለቆራሌ መስጠት እንደሚሻል ለእድሩ ዳኛ ያስረዳል።

መቅደላዊት በገነች። በወንድይራድ ብቻ አልነበረም የተናደደችው። በበርናባስም ነበር፤ እንዲያውም ይበልጥ በእሱ።

ካቻምና አንድ ጋራዥ የፍሬን ሸራ ቀየርኩ ብሎ አሮጌውን መልሶ ገጥሞላቸው፣ ከእንጦጦ ሲወርዱ ፍሬን እምቢ ብሏቸው በባሕር ዛፍ ተደግፈው ነው የተረፉት። ከዚያ ወዲህ በርናባስ መኪናውን ሰው አላስነካም። እሁድ እሁድ ከቅዳሴ መልስ ቱታውን ይለብስና ስልኩን ኮፈኑ ላይ አስደግፎ፣ ቪዲዮውን እያቆመና እየመለሰ ይማራል። መጀመሪያ ዘይት መቀየር፣ ቀጥሎ ካንዴላ፣ በመጨረሻ ፍሬን። ሲሳሳት ይስቃል፤ ፈትቶ እንደገና ይገጥማል። እሷም መብራት እየያዘችለት፣ ፍሬን እየረገጠችለት አብራው ተማረች። ያንን ሰው ትወደው ነበር።

ደረቱን ማመም ሲጀምረውም ያው ስልኩን አወጣ። ቪዲዮ አይቶ ጨጓራ ነው አለ። ሐኪም ቤት እንሂድ ብላ ለመነችው፣ ጮኸችበት፣ አኮረፈችው።

«ከእኔ በላይ እኔን ማን ያውቀኛል?» ብሎ ሳቀባት።

ቅዳሜ ጠዋት አዲሱን ሸራ አስገባ፤ ጎማውን ሳይገጥም ትንሽ ልረፍ ብሎ ወደ ቤት ገባ፤ በዚያው ቀረ።

ውጭ ሰዎቹ መኪናዋን ሊያነሱ ሲተጋገዙ ሰማች። መቅደላዊት ከፍራሹ ተነሳች።

«ልጄ፣ ሐዘንተኛ ተነስታ ብረት አትነካም፤ ሰው ምን ይላል?» አሉ ጎረቤቷ እትዬ በለጡ፣ የነጠላዋን ጫፍ ይዘው።

«ሲል የዋለውን ሰምቻለሁ እትዬ። ይልቀቁኝ።»

ስትወጣ ሰዎቹ መኪናዋን ለቀው ገለል አሉ። ጥቁር ቀሚሷን ሰብስባ ጭቃው ላይ ተንበረከከች። ጎማውን ገጠመች፤ ቡሎኖቹን ከአንዱ ወደ ፊት ለፊቱ እየተሻገረች አጠበቀች፤ ክሪኩን አወረደች። የረዳት የለም፤ እሷም እርዱኝ አላለችም። ከዚያ ገብታ ፍሬኑን ረገጠች። ፔዳሉ ሳይከብዳት እስከ ወለሉ ወረደ።

ወንድይራድ በመስኮቱ አጎንብሶ አየ። «አላልኩም? አበላሽቶታል። ቁልቁለት ላይ ነሽ፣ መንገዱ ሰው ሞልቶበታል። ውረጂ።»

«ጋሼ ወንድይራድ፣ አዲስ ሸራ ሲገባ ፍሬኑ እስኪጠነክር ደጋግሞ ይረገጣል። ሳይረግጠው የቀረው ስለሞተ ነው።»

ረገጠች። ደግማ ረገጠች። ጥርሷን ነክሳ፣ ያንን ስልክ፣ ያንን ጨጓራ ነው ማለቱን፣ ያንን ሳቁን የምትረግጥ ይመስል ረገጠች። ፔዳሉ ቀስ በቀስ እየጠነከረ መጣና እግሯን መለሰው።

«ጎማው ሥር ያለውን ድንጋይ ያንሱልኝ» አለችው። ወንድይራድ አመነታ፤ ዙሪያውን አየ፤ ጎንበስ ብሎ አነሳው።

ሞተሩን አስነስታ የእጅ ፍሬኑን ለቀቀች። መኪናዋ ወደ በሩ ቁልቁል ተንደረደረች፤ ሰዎች አጥሩ ላይ ተለጠፉ። በሩ ጋ ስትደርስ ረገጠች። መኪናዋ ቀጥ አለች።

«ይሄስ ያዘልህ» አለች ብቻዋን።

ከኋላዋ የእድሩ ሰዎች ቋሚውን መትከል ጀመሩ። ወንድይራድ መጥቶ መንገዱን አስለቅቄልሻለሁ፣ እለፊ አላት። መቅደላዊት መሪውን እንደጨበጠች፣ በሁለት እግሯ ፍሬኑን ረግጣ ቀረች።