ቀጭ የሚለው የግራ እግር

ባሌ በልጅነቱ ከምን ላይ ነው የወደቀው፣ ከዛፍ ነው ከደረጃ፣ አማቴ አንዴ ከዛፍ ይላሉ አንዴ ከደረጃ፣ እሱን ስጠይቀው እኔ ምን አውቄ፣ ሕፃን ነበርኩ ይለኛል፣ እግሩን ግን ይጎትታል፣ ግራውን፣ ስንጋባም ይጎትት ነበር፣ አካሄዱ ነው ብዬ ወደድኩት እንጂ ከምን መጣ አላልኩም፣ የሰው አካሄድ ይጠየቃል እንዴ። አሁን ነው የምጠይቀው። አሁን ልጅ ስላለችኝ።

ሽንት ጨርቋን ልቀይር ጉልበቷን አጥፌ ወደ ጎን ስከፍተው ግራው ቀጭ ይላል። ቀኙ ዝም። ግራው ቀጭ። ደግሞም እንደ ቀኙ እስከ ፍራሹ አይወርድም፣ መሃል ላይ ይቆማል፣ ባሌን ና ስማ አልኩት፣ ጆሮውን አስጠጋ፣ ምንም የለም፣ አንቺ ቀኑን ሙሉ ዶሮ ስትገነጥዪ ውለሽ ድምፁ ጆሮሽ ውስጥ ቀርቶ ነው አለኝ፣ ሳቀ፣ እኔም ሳቅሁ፣ ለወጉ ያህል።

እውነቱን ይሆን፣ ቀጭ ማለት እኮ ሥራዬ ነው፣ የታረደ የተነጨ ዶሮ በሳጥን ይመጣል፣ እኛ ብልት ብልቱን እናወጣለን። አለቃችንን ጓንቱ ነው የምንለው፣ ምሳ ሲበላ እንኳ ጓንቱን ስለማያወልቅ፣ ቢላ ያስያዘኝ እሱ ነው፣ አጥንት አትጋፊ አንቺ፣ በሩን ፈልጊ ይለኛል፣ ጭኑን ወደ ኋላ ስትገፊው በሩ ራሱ ይከፈትልሻል፣ እውነትም ቀጭ ይልና ኳሷ ከጉድጓዷ ትወጣለች፣ ነጭ፣ የምታዳልጥ፣ ልክክ ብላ የኖረች፣ ማን ሞረዳት እላለሁ።

ቀልደኛ ነው ጓንቱ፣ የተቆረጠ የዶሮ እግር ያነሳና ከቁርጡ ብቅ ያለውን ጅማት ይስበዋል፣ ጣቶቹ ጭብጥ ይላሉ፣ ጨብጪው እንጂ፣ ሰላም ሲልሽ ትኮሪያለሽ ይለኛል፣ ዶሮ እንጨት ላይ ተኝታ የማትወድቀው ለዚህ ነው አሉ፣ ጉልበቷ ሲታጠፍ ጅማቱ ይሳባል፣ ጣቷ ሳታስብ ይጨብጣል። ሳታስብ።

አንድ ቀን ግን አልቀለደም። አንዷን ዶሮ ያዝኩ፣ ጭኗ ሳልገፋው ወለቀ፣ ቀጭም አላለ፣ ጉድጓዱን ባይ ጉድጓድ የለም፣ እንደ ሰሃን ጠፍጣፋ፣ ኳሷም ክብ አይደለችም፣ የተረገጠ ሎሚ መስላለች፣ ቁርጭምጭሚቷ ላይ የክር ምልክት፣ ሥጋው ውስጥ የሰመጠ። ጓንቱን ጠራሁት፣ ገልበጥ አድርጎ አየና ጫጩት ሳለች ነው ያሰሯት አለኝ፣ እንዳትጠፋ ብለው፣ ከዚያ ረሷት፣ እግሯ እንደተወጠረ ቀረ፣ ታዲያ ጉድጓዱን ማን ደፈነው አልኩት፣ ማንም አልደፈነውም አለኝ፣ ጉድጓዱን የሚቆፍረው ኳሱ ነው፣ ውስጡ እየዞረ፣ አብረው ነው የሚያድጉት፣ ኳሱ ቦታው ላይ ከሌለ ጉድጓዱ ለማን ብሎ ይጎደጉዳል፣ የጫጩት አጥንት ለጋ ነው፣ እንዳስያዝሽው ይይዛል።

ቢላዬን አስቀመጥኩ። እንዳስያዝሽው ይይዛል።

አማቴ ልጄን ይጠቀልሏታላ። ሥራ ስውል የሚይዙልኝ እሳቸው ናቸው፣ ሁለት እግሯን አጋጥመው፣ ቀጥ አድርገው፣ ከወገቧ እስከ ቁርጭምጭሚቷ በሰፊ ጨርቅ ጥብቅ፣ ሻማ ነው የምትመስለው፣ ወልጋዳ እንዳትሆን ነው ይላሉ፣ ሁሉንም ልጆቼን እንዲህ ነው ያሳደግሁት። ሁሉንም። እግሩን የሚጎትተውንም። እማዬ እግሯን ባያስሯት አልኩ፣ በለሆሳስ፣ አማት ናቸው፣ እሺ ልጄ አሉኝ፣ ከዚያ ወዲህ ስመጣ ተፈትታ ነው የማገኛት፣ ግን በሩን ሳንኳኳ አንዴ መጣሁ ይሉና ይቆያሉ፣ ለምን ይቆያሉ፣ የልጄ ቆዳ ላይ የጨርቁ ሽመና ታትሟል፣ በጣቴ እዳስሰዋለሁ። ውሸታም ልበላቸው እንዴ፣ አፌ አይችለውም፣ የወለድኩ ጊዜ ራስጌዬ የተቀመጡ ሰው፣ ምናልባት እጃቸው ይሆናል፣ እንደ ዶሮዋ ጣት፣ ጨርቅ ሲነካ ሳያስብ የሚያስር። ወይስ እያወቁ። ጤና ጣቢያው ግድግዳ ላይ የሕፃናትን እድገት በወቅቱ ማስመርመር የወላጅ ኃላፊነት ነው የሚል ተለጥፏል፣ ፊደሉን በጣቴ እየተከተልኩ ነው ያነበብኩት፣ ኃላፊነት የሚለው ላይ ቆምኩ።

ዛሬ ከሥራ ቀደም ብዬ ወጣሁ። ሳላንኳኳ ገባሁ፣ ሌባ የመሰልኩት እኔ ነኝ፣ በገዛ ቤቴ።

አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጠዋል፣ ልጄ ጭናቸው ላይ፣ ጨርቁ ወለሉ ላይ፣ የግራ ጉልበቷን ይዘው ቀስ ብለው ይከፍታሉ፣ ይዘጋሉ፣ ይከፍታሉ፣ ጆሯቸውን ዘንበል አድርገው። አዩኝ። አልደነገጡም።

«አንቺ ልጅ፣ ከመቼ ጀምሮ ነው ቀጭ የሚለው?»

እኔ ለእሳቸው ትንፍሽ አላልኩም፣ ባሌ ነግሯቸው ይሆን፣ አይሆንም፣ እሱ ድምፅ የለም ባይ ነው፣ ታዲያ ጆሮ ጣል አድርጎ መስማትን ማን አሳያቸው፣ ይህን ድምፅ ከየት ያውቁታል፣ እማዬ ያውቁታል እንዴ አልኩ፣ ጨርቁን ከወለሉ አነሱ፣ አጠፉት፣ እንደገና አጠፉት፣ መሐረብ እስኪያክል።

«ነገ ሐኪም ጋ ውሰጃት። ገና ለጋ ናት።» ከዚያ ፊታቸውን አዞሩ። «እሱ ግን ከዛፍ ነው የወደቀው።»

አልጠየቅኋቸውም እኮ። ስለ እሱ ማን ጠየቃቸው።

አሁን ልጄ ደረቴ ላይ ናት፣ እግሯን ከፈት አድርጌ እንደ እንቁራሪት አቅፌያታለሁ፣ ኳሷ ጉድጓዷን ትቆፍር ብዬ፣ አማቴ ጓዳ ገብተው አልወጡም፣ ደረጃው ላይ የባሌ እርምጃ ይሰማኛል፣ አንዱ ረገጥ፣ አንዱ ጎተት፣ ረገጥ፣ ጎተት፣ ስንት ጊዜ ሰምቼዋለሁ። ነገ እኔም እመጣለሁ ይላል፣ አውቀዋለሁ፣ ልጁን ይወዳል፣ እናቱንም ይወዳል። መውሰዱንስ እወስዳታለሁ፣ እዚህ ላይ ጥያቄ የለኝም። ግን ሐኪሙ በቤተሰቡ እግሩን የሚያነክስ አለ ወይ፣ ከምን መጣ፣ ብሎ ይጠይቀኛል፣ ይጠይቃሉ አሉ፣ ባሌ አጠገቤ ቆሞ። ከዛፍ ወድቆ ነው ካልኩ ልጄን የሚያክማትን ሰው ዋሸሁ፣ አልወደቀም፣ በጨርቅ ታስሮ ነው ካልኩ ከእናቱ ጋር አቆራረጥኳቸው፣ ያውም በጥርጣሬ፣ ያውም በዶሮ እውቀት። እናንተ ልጅ ያሳደጋችሁ፣ አማት ያላችሁ፣ ብትሆኑ ምን ትመልሳላችሁ፣ እስቲ ምከሩኝ፣ በሩን እያንኳኳ ነው