ሰንጋው የታሰረበት ብረት

ኤርካሎ ሰው ይንቅ ነበር። ንቀቱም እንደ ብዙዎቻችን በሆድ የሚያዝ አልነበረም፤ ከአፉ አይጠፋም። ሶዶ ውስጥ ከአንድ ፈረንጅ ጋር የመብራት ሞተር ሲያንቀሳቅስ ጥቂት ዓመት ቆየና ሲወጣ ሽቦ ከጅማት በማይለይ ሕዝብ መሀል መኖር ቅጣት ሆነበት። አንድ ሙያ አንድን ሰው ይህን ያህል ሲያሳብጠው አይቼ አላውቅም።

በ1958 ዓ.ም. አቶ ገበየው የተባሉ የሶዶ ነጋዴ አባያ ሐይቅ ዳር የዓሣ ጀልባ አሠሩ። ጀልባዋ የእንጨት ናት፤ ዙሪያዋን ግን የብረት መደገፊያ አላት። ዳር ስትቆም ማቀዝቀዣዋና አምፖሎቿ ከዳገቱ ላይ ካለው የመብራት ሞተር በወፍራም ገመድ ኃይል እንዲያገኙ ኤርካሎ ተቀጠረ። ቀዛፊ ሆኖ የተቀጠረው ደግሞ ታናሽ ወንድሙ ሻንቆ ነው። ሻንቆ ባለትዳር ጎልማሳ፣ አዞ ባለበት ውኃ ገብቶ ጀልባ የሚጎትት፣ ሳቅ የሚቀናው ሰው ነበር። እናታቸው ስትሞት ለኤርካሎ አደራ ያለችው እሱን ነው። ኤርካሎ በዚህ ዓለም ከልቡ የሚወደው ሰው ቢኖር ሻንቆ ብቻ ነበር። ሻንቆ ግን ይህን አያውቅም፤ ማን ነግሮት?

ኤርካሎ ሥራውን አሳምሮ ሠራ፤ ይህን መካድ አይቻልም። ገመዱን ውኃ እንዳይነካው በባላ እንጨት ላይ አሳለፈ። ከብረት መደገፊያው ሽቦ ስቦ ዳርቻው ላይ በመዶሻ ከተከለው ረጅም ብረት ጋር አሰረ። ገመዱ ተልጦ መደገፊያውን ቢነካ ኤሌክትሪኩ በሰው ገላ ሳይሆን በዚያ ብረት በኩል ወደ መሬት እንዲወርድ ነው። ይህን ሁሉ ለማንም አልተናገረም። ለማን ይንገር? ለእነዚህ?

“ኢሻ፣ ይሄ ብረት ሥራው ምንድነው?” አለው ሻንቆ፤ ወንድሜ ማለቱ ነው በወላይትኛ።

“ብነግርህ ምን ልትሠራበት? መቅዘፊያህን ያዝ።”

“እሺ፣ ይሄ ገመድስ…”

“አትንካ!”

አትንካ ማለት ልማዱ ነበር። መዶሻዬን አትንካ፣ አምፖሉን አትንካ፣ በዚያ ጭቃ እጅህ ብርጭቆዬን አትንካ። ሰው ሁሉ ሰልችቶታል። ዓሣ የሚገፍፉት ሴቶች እንኳ ድምፁን እያስመሰሉ ይሳሳቁበት ነበር።

ጀልባዋ በምትመረቅበት ዕለት አቶ ገበየው ለጥሬ ሥጋው ሰንጋ አስመጡ። የተረከበው ሻንቆ ነው። ዳርቻው ጭቃ ነው፤ ዛፍ የለውም። ግራ ቀኝ ሲቃኝ ያ ብረት ዓይኑ ገባ። ወላይታ ነውና ከብት ያውቃል፤ ጥሩ ችካልም ያውቃል። ጠፍሩን ጠምጥሞ ሸብ አደረገና በሆዱ ወንድሙን አመስግኖ ሄደ።

አመሻሽ ላይ ኤርካሎ ሞተሩን አስነሳ። አምፖሎቹ በሩ፤ ሕዝቡ እልል አለ። “አምፖል አይቶ እልል የሚል ሕዝብ!” አለ፣ ምስጋናውን ለመቀበል ግን ሞተሩን ትቶ ቁልቁል መውረድ ጀመረ።

እልልታው ሰንጋውን አስደነበረው። አንዴ ሲወራጭ ብረቱ ከጭቃው ተነቀለ፣ ሽቦውም ተበጠሰ። ጠፍሩ የኤሌክትሪኩን ገመድ ጠልፎ ከባላው አወረደና በመደገፊያው ጠርዝ ላይ ፈተገው። የገመዱ ላስቲክ ሲላጥ ኤርካሎ አየ። ጀልባዋም ማሰሪያዋ ተፈትቶ ከዳር መሸሽ ጀመረች። ሻንቆ እስከ ወገቡ ውኃ ውስጥ ገብቶ መደገፊያውን ሊይዝ እጁን ዘረጋ።

“አትንካ! ሻንቆ፣ አትንካ!”

ሻንቆ ዞር ብሎ አየው። ሴቶቹ ሳቁ። ሻንቆም ሳቀና ያዘው።

ሳቁ ፊቱ ላይ እንዳለ ደርቆ ቀረ። ሊጎትቱት የተንደረደሩትን ኤርካሎ “ወደ ኋላ!” እያለ ዳገቱን በአራት እግሩ ወጣ። ሞተሩን ሲያጠፋ ሻንቆ ውኃው ውስጥ ተዘረረ። አወጡት። ኤርካሎ ጭቃው ላይ ተንበርክኮ ደረቱን ይጫን፣ ይጫን ጀመር፤ እንደ ሕፃን እያለቀሰ፣ የናቀው ሕዝብ ሁሉ እያየው። በመጨረሻ ሻንቆ ትንፋሽ ሳበ።

“ማቀዝቀዣው መቼ ነው የሚበራው? ዓሣው ይበላሽብኛል እኮ” አሉ አቶ ገበየው። የሰው መጨረሻ!

ሻንቆን ኦቶና ሆስፒታል አስገቡት። ነፍሱ ተረፈች፤ ቀኝ እጁ ግን ዳግም መቅዘፊያ እንደማይጨብጥ ሐኪሙ ተናገረ። ኤርካሎ አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀምጦ በጨርቅ የተጠቀለለውን እጅ ያይ ነበር።

“ጮኼልህ ነበር እኮ” አለ። “አልሰማኸኝም?”

“ሰምቼሃለሁ” አለ ሻንቆ ሳይቆጣ። “እንደ ሁልጊዜው የናቅኸኝ መስሎኝ ነው።”