የዙሀራ መህር፣ መጽሐፈ ሞኛሞኝ

እኔ ታመነ፣ አጠፋሁ ብዬ አንገቴን አልደፋም። ደራሲ ይፈጥራል፤ ሥራው ነው። ያነበበ ሁሉ "የፈጠርከውን አምጣ" እያለ በር የሚደበድብ ከሆነማ ብዕራችንን ሰብረን እንቀመጥ።

ጣሊያን ከወጣ ስድስት ዓመት ቢሆነው ነው። ከሸዋ መጥቼ መቀሌ በጸሐፊነት ተቀጥሬ ነበር። ከሥራ ስወጣ የኔአለም ስለምትባል የነጋዴ ልጅ ተከታታይ ታሪክ እጽፋለሁ። አዲሱን ክፍል ቅዳሜ ቅዳሜ ለጎረቤቴ ለልብስ ሰፊዋ ለአስካለማርያም እሰጣታለሁ፤ ከሷ ሱቅ እየተዋሱት ገበያውን ሁሉ ይዞራል። ሲመለስልኝ ወጥ ፈሶበት፣ ጠርዙ ተበልቶ ነው። እሱን ሳይ ደስታዬ ወሰን አልነበረውም።

የኔአለም ሳጥን ሙሉ መጻሕፍት አላት። አብዛኞቹ በየቤቱ ያሉ ናቸው፤ የጸሎቱ፣ የመድኃኒቱ፣ የሒሳቡ። በመሃላቸው አንድ ከራሴ ጨመርኩ፤ መጽሐፈ ሞኛሞኝ። ነጋዴዎች በየአገሩ የሠሩት ሞኝነት ተሰብስቦ የተጻፈበት ነው አልኩ። የኔአለም ሲከፋት ትገልጠውና በሳቅ ትፈርሳለች። ምን አንብባ እንደሳቀች ግን አንድም ቀን አልጻፍኩም። እኔስ መቼ አወቅኩትና!

ይኼኔ ዙሀራ መጣችብኝ። ዙሀራ የወሎው ጨርቅ ነጋዴ የጀይሉ ልጅ ናት። አባቷ በሱቅ እንድታግዘው ፊደል አስቆጥሯት ስለነበር፣ ጽሑፌን ከማንም ቀድማ የምትወስደው እሷ ነበረች። ሳሊህ የሚባል የበቅሎ ነጋዴ ሊያገባት ፈልጎ ሽማግሌ ላከ፤ እሷም ወዳዋለች። በሃይማኖታቸው ሙሽራዋ ከባሏ የምትቀበለውን መህር ራሷ ትጠራለች። አንዷ ወርቅ ትላለች፣ ሌላዋ ላም። ዙሀራ ምን ብትል ጥሩ ነው? መጽሐፈ ሞኛሞኝ።

ሳሊህ ምስኪን፣ እሺ ብሎ ወጣ። ገበያውን አሰሰ፣ ዓዲግራት ሰው ላከ፣ አስመራ ለሚሄድ ሾፌር አደራ አለ። የለም አሉት። የሚያጋቧቸው ሼህም ነገሩን ሲሰሙ፣ የሌለ ነገር መህር አይሆንም፣ መጽሐፉ ካልተገኘ ኒካሁን አላስርም ብለው ቁርጡን ነገሩት። ዙሀራ ደግሞ ሌላ አልጠራም ብላ እግሯን ተከለች። ሳሊህ በመጨረሻ እኔ ቤት መጣ።

ከራሴ የፈጠርኩት ነው ስለው ደጃፌ ላይ ዝርፍጥ አለ። እኔ ደግሞ ትልቅ ሰው ሲከፋው ማየት አልወድም፤ ንድድ አለኝ።

"እንግዲያው እንጽፈዋለና! ምን ያስተክዝሃል?" አልኩት።

አፌ ቀደመኝ። ስለ ሞኝ ነጋዴዎች ብዙ ገጽ ጻፍኩና ለአስካለማርያም አነበብኩላት። የስፌት መኪናዋን እንኳ አላቆመችም። "ሓወይ" አለችኝ፣ በትግርኛ ወንድሜ ማለቷ ነው፤ "ይኼ ስብከት ነው"። በገንኩ፤ ግን እውነቷን ነበር።

አብሮኝ የነበረው ሳሊህ ሊያጽናናኝ ብሎ የራሱን አወራ። ይኼን የምነግራችሁ ዛሬ ዙሀራ ፈቅዳልኝ ነው። አንዲት አመለኛ ግራጫ በቅሎ ነበረችው። ውቅሮ ወስዶ ሸጣት፤ ተገላገልኩ አለ። በወሩ እዚያው ገበያ አንዲት ጥቁር በቅሎ አየና ልቡ ጠፋ፤ በእጥፍ ዋጋ ገዛት። እየተኩራራ ሲመለስ መንገድ ላይ ዝናብ ጣለ። የተቀባችው ጥላሸት ታጠበና ጥቁሯ በቅሎ ግራጫ ሆነች። ከዚያማ ቀድማው ሄዳ፣ ቤቱ ገብታ፣ የድሮ ቦታዋ ላይ ቆመች።

አስካለማርያም መኪናዋን አቆመች። እኔ እንባዬ እስኪመጣ ስቄ ብዕሬን ሳነሳ ሳሊህ እጄን ያዘኝ።

"ጋሼ፣ ይኼንማ አይጻፉት። ዙሀራ ትልቅ ነጋዴ ነው ብላ ነው የወደደችኝ።"

እንደፈለግህ አልኩት፤ ተክዞ ሄደ። በማግሥቱ ገና ሳይነጋጋ መጥቶ፣ "ይጻፉት፤ ስሜንም ያስገቡ። ካፈርኩም አሁን ልፈር" አለኝ። ጻፍኩት፤ ከኔ ገጾች ጋር በቆዳ አስደጎስኩት።

የኒካሁ ዕለት ከበሩ አጠገብ ተቀመጥኩ። ሼሁ መጽሐፉን አገላብጠው አዩ፣ መኖሩን መሰከሩና መጋረጃ ጀርባ ላለችው ለዙሀራ አሳለፉላት። አንብቤ ነው የምቀበለው አለች። ገጹ ሲገለጥ ይሰማናል። የኔን ገጾች አንዴም ሳትስቅ አለፈቻቸው። ሳሊህማ በቁሙ አልቋል።

ከዚያ አንድ ገጽ ላይ ቆመች።

"ሳሊህ፣ ይኼ እውነት ነው?" አለች ከመጋረጃው ጀርባ።

"እውነት ነው" አለ፣ አቀርቅሮ።

ሳቋ ፈነዳ። ሴቶቹም ምኑንም ሳያውቁ አብረዋት ሳቁ፤ እልልታው ቀለጠ። በሳቋ መሃል ተቀብያለሁ ስትል ሼሁም ፈገግ አሉ። እኔ በደስታ እግሬ መሬት አልነካ አለኝ፤ ያሳቃት የኔ ድርሰት አለመሆኑን እንኳ ረሳሁት። አባቷ ጀይሉ ሁላችንም እንስማው፣ ወዲህ በሉት ብሎ እጁን ወደ መጋረጃው ዘረጋ።

"አባባ፣ መህሬ ነው" አለችው። "በባሌ የምስቅ እኔ ብቻ ነኝ።"

ሳሊህ ያን ጊዜ ቀና አለ።