ጀማሪው ያልታወቀ ጭብጨባ

በ1975 ዓ.ም. የናዝሬቷ የፊዚክስ መምህርት ጉዲቱ በቀበሌው የቅዳሜ ስብሰባ ላይ ስለ ሳይንስ እንድትናገር ታዘዘች። አቶምና ብርሃን ነፍሷ ስለሆኑ ደስ አላት፤ ሊቀመንበሩ ጓድ ጉደታ ያልገባውን ነገር ሁሉ «ሴራ ነው» ማለት ስለሚቀናው ደግሞ ፈራች።

«እስቲ ሁላችሁም እንዳሻችሁ አጨብጭቡ» አለች። አዳራሹ ዝናብ ቆርቆሮ ላይ የወረደበት መሰለ። «የተራራቁ አቶሞች እንዲህ ናቸው፤ እያንዳንዱ ብርሃኑን በራሱ ጊዜ ይለቃል። በጣም ሲጠጋጉ ግን በጋራ ብርሃናቸው ምት ይገጥሙና ባንዴ ይለቁታል። ያኔ የአሥሩ ብርሃን እንደ መቶ ይደምቃል።»

ጓድ ጉደታ ብድግ አለ። «ማኅበርተኝነት ማለት ይኼ ነው! ሊቀመንበራቸው ማን ይባላል?»

«የላቸውም።»

ሽንኩርት ነጋዴዋ እማማ ሎሚ እጃቸውን አወጡ።

«ልጄ፣ እንዲያ ከደመቀ በኋላስ?»

«ቶሎ ያልቃል፣ እማማ። ጉልበቱ ያው ነው፤ ባጭር ጊዜ ስለሚወጣ ነው የሚደምቀው።»

«እንግዲያው እንደኛ ስብሰባ አይደለማ!»

ሳቁ አዳራሹን ሞላው። ጓድ ጉደታ ግን ሐሳቡ ሌላ ነበር። በሚቀጥለው ቅዳሜ ከአውራጃ እንግዳ ይመጣል፤ «እኔ እጄን ሳነሳ ባንድ ምት ታጨበጭባላችሁ» ብሎ ሕዝቡን አዘዘ።

እንግዳው መጣ፤ ንግግሩ ሁለተኛ ሰዓቱን ያዘ። የናዝሬት ሙቀት ሰዉን እያቀለጠው ሳለ ከኋላ አንድ ሰው አጨበጨበ። ጎረቤቱ ተከተለው። ወዲያው አዳራሹ ባንድ ምት ይናጥ ጀመር። እንግዳው እስኪያቆሙ ቢጠብቅ፣ አላቆሙም። በመጨረሻ ዓይኑ እንባ አቀረረ፤ ያልተነበቡትን ገጾች አጥፎ ኪሱ ከተተና «እንዲህ ያለ ሕዝብ አይቼ አላውቅም!» ብሎ ወረደ።

ጓድ ጉደታ ጉዲቱን በር ላይ ያዛት። «መምህርት፣ እኔ እጄን አላነሳሁም። ማነው የጀመረው?»

የምታውቀውን እውነት ብቻ ተናገረች። «አቶሞቹ ዘንድም ቢሆን ጀማሪውን መለየት አይቻልም፣ ጓድ ሊቀመንበር። ሳይንሱ እንደዚያ ነው።»

ትክ ብሎ አያት። ከዚያ ጸሐፊውን ጠርቶ «ጀማሪው በሳይንስ ሊታወቅ አልቻለም» ሲል በቃለ ጉባኤ አስያዘ። ጸሐፊው ሲርቅ፣ በላብ የረጠበ ሸሚዙን ከጀርባው እያላቀቀ ድምፁን ዝቅ አደረገ።

«ለነገሩ እኔም አጨብጭቤያለሁ።»