ሹፌሩ የደበቀው ትኩሳት

ሹፌሩ እጅጌውን ለመጠቅለል እንኳ ትዕግሥት አልነበረውም። ከኮሪደሩ ማዶ፣ ማዋለጃ ክፍል ውስጥ፣ ታናሽ እህቱ ወልዳ ደሟ አልቆም ብሏል። የእሷ ዓይነት ደም ከሆስፒታሉ ማቀዝቀዣ ተሟጧል፤ የባሏም ደም ተመርምሮ አልገጠመም። የቀረው እሱ ብቻ ነው።

«መጀመሪያ ጥያቄ አለኝ» አለች ደም የምትቀዳው ሸምገል ያለች ነርስ።

«ሲስተር፣ እህቴ እየሞተች ነው! ጥያቄውን በኋላ ያድርጉልኝ።»

«በኋላማ ምን ይሠራልኛል? ሰሞኑን ቆላ ወርደሃል?»

«አልወረድኩም።»

«ያለ አጎበር ያደርክበት ቦታ አለ?»

«የለም።»

«ወባ ይዞህ ነበር? አተኩሶሃል?»

«እኔን? እኔን የነከሰች ትንኝ ራሷ ናት የምትታመመው!»

ነርሷ ሳትወድ ፈገግ አለች። መርፌውም ገባ።

ዓይኑን በጨው አጥቦ ነው የዋሸው። ሰሞኑን የከረመው ቆላ ውስጥ ሽንኩርት ሲጭን ነው። የጭነት ሹፌር ደግሞ ልማዱ የታወቀ ነው፤ ሌባ እንዳይነካበት ጭነቱ ላይ ተጋድሞ ያድራል። ጤና ጣቢያ የሰጠው አጎበር ነበረው፤ ሸራው ሲቀደድበት ግን ጆንያዎቹን በአጎበሩ ሸፍኖ ጠፍሮ አሰራቸው። ሽንኩርቱ አጎበር ለብሶ ሲያድር እሱ የትንኝ ራት ሆኖ ከረመ። በመመለሻው ተንቀጠቀጠ፣ ነደደ። ክኒን ገዝቶ ጀመረና ትኩሳቱ ሲበርድለት የተረፈውን ዳሽቦርዱ ውስጥ ወረወረው፤ ደግሞ ቢይዘኝ ይጠቅመኛል ብሎ እኮ ነው! ለበሽታ ቀጠሮ የሚሰጥ ሰው አይታችሁ ታውቃላችሁ?

ከረጢቱ ሞልቶ ወደ ላብራቶሪ ሄደ። ወባ የለብኝም ስላለ፣ ችኮላም ስለነበር፣ የወባ ምርመራው ታለፈ። ለስላሳ ሰጡት፤ ሳይቀምሰው አጠገቡ አስቀመጠው። ብናገር ደሙን ይደፉታል፣ እህቴም ትሞታለች፤ ዝም ብል ደግሞ በሽታዬን በገዛ እጄ አጠጣኋት ይላል በልቡ። ሁለቱም አስፈሩት።

ይሄኔ የእህቱ ባል መጣና ትከሻውን ሳመው። «አንተ ባትኖር ምን ይውጠኝ ነበር?» አለው።

ምስጋናውን መቻል አቃተው። ተነስቶ ነርሷን ፍለጋ ሄደ።

«ሲስተር፣ ዋሽቼዎታለሁ። ቆላ ነበርኩ። ታምሜም ነበር፤ መድኃኒቱንም አልጨረስኩም።»

ነርሷ መነጽሯን አወለቀች። «አንተ ሰውዬ፣ እህትህን ነው ወይስ ጠላትህን የምትረዳው?» ብላ መልስ ሳትጠብቅ ወደ ላብራቶሪው ሮጠች።

ከደሙ ጠብታ ወስደው በማይክሮስኮፕ አዩት። ወባው አለ። እህቱን የሚያክመው ሐኪም ከላብራቶሪው ሲወጣ ሹፌሩ ተንደርድሮ ፊቱ ቆመ።

«ደሙን እንሰጣታለን» አለ ሐኪሙ።

«ወባ አለበት እያልኩዎት?»

«ሰምቻለሁ። ሌላ ደም እስኪመጣ አትቆይም። የወባ መድኃኒቱን አብረን እንጀምርላታለን።»

«ታዲያ ባልናገርም ያው ነበራ!»

«ያውማ አልነበረም። ከቀናት በኋላ ሲያተኩሳት የወሊድ ነው ብለን ሌላ መድኃኒት ስናፈስባት እንከርም ነበር። እሷ ቆላ ወርዳ አታውቅም፤ ማን ወባ ብሎ ይጠረጥራል?»

ሹፌሩ ግድግዳውን ተደግፎ ቁጭ አለ። እንዲህ ፈርቶ አያውቅም።

ወደ ማታ ደሟ ቆመ። እንዲገባ ሲፈቅዱለት እህቱ ፊቷ ነጥቶ፣ ሕፃኑን ታቅፋ ነበር። ማንም ሳይቀድመው ራሱ ነገራት፤ አጎበሩንም፣ ክኒኑንም፣ ውሸቱንም። ዓይኗን ጨፍና እስከ መጨረሻው ሰማችው።

«ጋሽዬ» አለችው በደከመ ድምፅ፣ «ደምህን ሰጥተኸኝ ወባህን ለማን ልታስቀር ነበር?»

ሊስቅ አፉን ከፈተ። የመጣው ግን ለቅሶ ነው።