ነቅቼ ልቁረብ

እኅቴ ጥሩሸዋ መድኃኒቷን ያቆመችው ጾመ ፍልሰታ በገባ በማግሥቱ ነው። አልነገረችኝም። ከሰዓት በኋላ በሶዋን ይዤ ስገባ የጠዋቱን ክኒን ከሣጥኑ ላይ እንዳስቀመጥሁት አገኘሁት።

«እትዬ፣ ይቺን ረሳሻት» አልኋት።

መዳፏን ወደ ውጭ ገፋ አደረገችው። «ተወው» ማለቷ ነው። በዚህ ቤት በእጅ የሚነገረው በአፍ ከሚነገረው ይበልጣል። ዐይኗን ከጨፈነች «ዝም በል፣ ሕመሙ መጥቷል» ማለት ነው፤ ነጠላዋን ወደ ላይ ከሳበች ነፋስ ገብቷል። ይህን ያስተማረኝ የለም፤ እየተሳሳትሁ የለመድሁት ነው።

ሕመሟ የፊት ነው። ከግራ ጆሮዋ ሥር ይነሣና ጉንጯን ይዞ እስከ ከንፈሯ ይወርዳል። እሷ «የጋለ ወስፌ» ትለዋለች። ነፋስ ይቀሰቅሰዋል፤ ቀዝቃዛ ውሃ ይቀሰቅሰዋል፤ አንዲት ጉርሻ፣ አንድ የጉንጭ ሰላምታ ይቀሰቅሰዋል። መጀመሪያ ጥርስ ነው ተብሎ የግራ ጥርሶቿን አንድ በአንድ አስነቀለች። ጥርሱ ወጣ፣ ወስፌው ቀረ። በኋላ ደብረ ብርሃን ወስደናት ሐኪሙ የፊት ነርቭ ነው ብሎ ይህን መድኃኒት ጻፈላት። ከዚያ ወዲህ የምትከታተላት መሐል ሜዳ ያለችው ነርስ፣ ሲስተር ትሕትና ናት።

ባሏ ካረፈ ወዲህ ብቻዋን ነበረች። ልጇ ዮሴፍ ደብረ ብርሃን ያስተምራል። እኔም ሚስቴን ቀብሬ ባዶ ቤት ተቀምጬ ስለነበር በጎቼን እየነዳሁ መጥቼ እሷ ዘንድ ገባሁ። የግድግዳውን ቀዳዳ በጭቃና በገለባ ደፈንሁ፤ በሩ ላይ አሮጌ የበግ ጠጉር ባና ሰቀልሁ። ፊቷን ለብ ባለ ውሃ በራሰ ጥጥ፣ ያውም ቀኙን ብቻ እጠርግላታለሁ። በሶውን ቀጠን አድርጌ እበጠብጥና በቀኝ በኩል በማንኪያ አጎርሳታለሁ። ሊጠይቅ የሚመጣውን ሁሉ ደጅ ላይ ተቀብዬ «ትከሻዋን ነው እንጂ ጉንጯን እንዳትስሟት» እላለሁ። አንዳንዱ ይቀየማል። «ደግሞ እሷ ከመቼ ወዲህ ነው የማትሳመው?» ብሎ የተመለሰም አለ።

መድኃኒቱን ካቆመች ሁለት ሦስት ቀን አለፈና ሕመሙ ተመለሰ። ሲመጣባት አትጮህም፤ መጮህ አፍ መክፈት ነዋ። ጉልበቷን አቅፋ ትቀመጥና እጇን ወደ ጉንጯ ታስጠጋዋለች፣ ግን አታስነካውም። እንባዋ ይወርዳል። በግራ የወረደው እንባ ራሱ ያማታል።

ጠበልና መድኃኒት አይቀላቀልም የሚባል ነገር በአገራችን አለ። ፍልሰታ ደግሞ ሰው ሁሉ ጠበል የሚጠጣበት ሱባዔ ነው። ስለዚህ ያቆመችው ለዚህ ነው ብለን ሁላችንም ቆረጥን። ከቆረጥን በኋላ የቀረን መምከር ብቻ ነበር።

ጎረቤታችን ምሥራቅ እንደ ልማዷ ጠጉሯን ልትሠራላት መጣች። የምትሠራው ቀኙን ወገን ነው፤ ግራውን ማበጠሪያ አይደርስበትም።

«ግማሽ ሙሽራ ሆነሽ ቀረሽ እኮ» አለቻት።

«ከቀኝ ለሚመጣ ባል ይበቃል» አለች እኅቴ፣ ከከንፈሯ ዳር።

ምሥራቅ ሳቀችና ወዲያው ፊቷን አጠቆረች። «ክኒኑን ዋጪ፣ እናቴ። እመቤታችን ጠበሌን የጠጣ መድኃኒት አይንካ አላለችም። እንዲህ ስትሰቃዪ ማየት ለእኛም ኃጢአት ነው።»

እኅቴ ዐይኗን ጨፈነች።

በማግሥቱ ስልክ ወደሚይዝበት ጉብታ ወጥቼ ለዮሴፍ ደወልሁ። ጭጋጉ የራሴን እጅ እስኪያሳጣኝ ወርዶ ነበር።

«ጋሼ፣ ምን ያስጨንቅዎታል?» አለኝ። «ፈጭተው በሶው ውስጥ ያድርጉላት። አታውቀውም።»

«ጾሟን ይዛ?»

«ዘጠኝ ሰዓት ካለፈ በኋላ ይስጧታ።»

«እናትህ እኮ ናት ዮሴፍ። ደብቄ?»

«እናቴ ስለሆነች ነው የምልዎት» አለ። ቀጥሎ የተናገረው በደንብ አልተሰማኝም፤ ድምፁ ግን የአስተማሪ ድምፅ አልነበረም።

ከጉብታው ወረድሁ። ዕድሜ ልኬን በዚህ መንገድ ወጥቼ ወርጃለሁ፤ እንደዚያ ቀን ረዝሞብኝ አያውቅም። ዘጠኝ ሰዓት እስኪያልፍ ጠበቅሁና ክኒኑን በማንኪያ ጀርባ አደቀቅሁት። በሶው ተበጥብጧል። ዱቄቱን ልጨምር ማንኪያውን ሳነሣ መምሬ ማዕረግ ባናውን ገልጠው ገቡ። የነፍስ አባታችን ናቸው። ዝናብ መቷቸዋል፣ ጉንፋንም ይዟቸዋል። እኅቴን ከሩቅ በመስቀል ባረኩና ወደ እሳቱ ተጠጉ።

«ይቺ ነጭ ምንድን ናት?» አሉኝ ዝቅ ባለ ድምፅ።

«መድኃኒቷ ናት፣ አባ።»

«ታውቃለች?»

«አታውቅም።»

መደቡ ላይ ተቀመጡ። አፍንጫቸውን በነጠላቸው ጫፍ ጠረጉ። ሌሊቱን ሰዓታት ቆመው ነው ያደሩት፣ ቀኑን ደግሞ ቅዳሴ፤ ዐይናቸው ቀልቷል።

«የታመመ ሰው አይጾምም፣ መድኃኒትሽንም ዋጪ ብያታለሁ» አሉ። «ሰማችኝ፣ ግን መልስ አልሰጠችኝም። አንተ ለምን እንዳቆመች ጠይቀሃታል?»

«ኧረ ስንት ጊዜ ነግሬያታለሁ።»

«መንገሩንማ ሁላችንም ነግረናታል። የጠየቃት አለ ወይ ነው የምልህ።»

ማንኪያውን መልሼ አኖርሁት።

«እኔም አልጠየቅኋት» አሉና ጉልበታቸውን ይዘው ተነሡ። «ደክሞኝ ነበር።»

እሳቸው ሲወጡ ዱቄቱን በወረቀት ጠቅልዬ አስቀመጥሁት። በሶውን እንዲሁ ሰጠኋት። ሕመሙ ፋታ እስኪሰጣት አጠገቧ ቁጭ ብዬ ቆየሁ። ጣሪያው ላይ ዝናቡ ጠንከር ብሎ ነበር፤ ረገብ ሲል ጠየቅኋት።

«እትዬ፣ መድኃኒቱን ለምንድን ነው ያቆምሽው? ልቆጣሽ አይደለም። ልወቀው ብዬ ነው።»

የማትመልስልኝ መስሎኝ ልነሣ ስል፣

«አምና በፍልሰታ ቆርቤያለሁ?» አለችኝ።

«ቆርበሻል እንጂ። እስከ በሩ ደግፌ ያደረስሁሽ እኔው ነኝ።»

«አንተ ታስታውሳለህ። እኔ አላስታውስም።» ትንሽ አረፈች። ቃል በቃል፣ እሾህ ላይ እንደሚራመድ ሰው ነው የምትናገረው። «መድኃኒቱ ሕመሙን ያስተኛልኛል፣ እኔንም አብሮ ያስተኛኛል። ጭጋግ ውስጥ ነው የምኖረው፣ ጌጡ። አምና ቅዳሴው ሲጀመር ግድግዳ ተደግፌ ነበር። ከዚያ የማውቀው ቤት ስንደርስ ነው። ተቀብለሻል ትሉኛላችሁ። እኔ አላየሁትም። ሰው ተኝቶ እንግዳ ይቀበላል?»

እሳቱን ቆሰቆስሁ።

«ዘንድሮ አንዴ ነቅቼ ልቁረብ። ከዚያ ወዲያ ዋጪ ያላችሁኝን እውጣለሁ።»

«ይህንን ብትነግሪን ምን ነበረበት?»

«ማን ጠየቀኝ?» አለች። ሳቅ ሊመጣት ነበር መሰለኝ፣ ከንፈሯ ሲነቃነቅ ወስፌው ቀደማት።

ሲስተር ትሕትና ስደውልላት መጀመሪያ ተቆጣች። «ይሄ መድኃኒት እኮ በአንዴ አይቆምም ጋሽ ጌጡ። ለምን ያን ጊዜውኑ አልደወሉልኝም?» ከዚያ የእኅቴን ምክንያት ነገርኋት። ድምፅዋ ለዘብ አለ።

«በሉ ዛሬውኑ እንደ ድሮው ትጀምር። የምትቆርብበትን ቀን ይንገሩኝ። የማታውን ጾሙን ከመያዟ በፊት ትውሰድ፤ የጠዋቱን ብቻ ትዝለል። እንቅልፉ የሚጫናት ከወሰደች በኋላ ባሉት ሰዓቶች ስለሆነ ነቃ ትላለች። ከቅዳሴ እንደወጣች ግን ሳትውል ሳታድር ትዋጠው።»

«ሕመሙ አይመጣባትም?»

«ሊመጣ ይችላል። አይመጣም ብዬ አልዋሽዎትም። ነፋስና ቀዝቃዛ ነገር ብቻ ያርቁላት።»

ለእኅቴ ነገርኋት። «ይምጣ» አለች፣ ያንኑ ማታ ክኒኗን ዋጠች።

አንድ ነገር ግን ቀረ። የቆረበ ሰው የቅዳሴ ጠበል ይጠጣል። የእኛ አገር ጠበል በነሐሴ ድዱ ጤነኛ የሆነውን ሰው እንኳ ዐይኑን ያስጨፍነዋል። መምሬ ማዕረግን ሄጄ ምን ይሻላል አልኋቸው።

«በትንሽ ጠርሙስ ከበረከቱ እሰጥሃለሁ። ከሆድህ አስጠግተህ በጋቢህ ያዘው፣ ገላህ ያሙቀው» አሉኝ። «እንቅልፍ ወስዶህ እንዳትተኛበት ብቻ።»

የተቆረጠው ቀን ደረሰ። ምሥራቅ የነፋሱን ወገን ይዛ፣ እኔ ከኋላ ሆኜ፣ እኅቴ ፊቷን በነጠላ ሸፍና ቀስ እያልን ሄድን። ደጀ ሰላሙ ላይ ተለያየን፤ እነሱ በሴቶች በር፣ እኔ በወንዶች በር። ቅዳሴው እስኪያልቅ አላየኋትም። መምሬ የላኩት ዲያቆን ጠርሙሱን አምጥቶ ሰጠኝ፣ ከሸሚዜ ሥር አደረግሁት። ቅዝቃዜው ሆዴን ጨበጠኝ። እግዚአብሔር ይቅር ይበለኝ፣ የዚያን ቀን ቅዳሴ በቅጡ አላስቀደስሁም። ጆሮዬ ሁሉ በሴቶቹ ወገን ነበር። አንድ ሰው ቢያስል እሷ ናት፣ አንድ ነገር ቢወድቅ እሷ ናት እላለሁ። «ተንሥኡ» ሲባል «ትችል ይሆን?» እላለሁ።

ስንወጣ ምሥራቅ በክንዷ ይዛት መጣች። አፏን በነጠላዋ ሸፍናለች። ዐይኗ እርጥብ ነው፣ ግን ዐይኖቿ ያያሉ፤ አምና ያላየሁት ይህን ነበር። ጠርሙሱን ሰጠኋት። በቀኝ በኩል ጥቂት በጥቂት ጠጣችው። ክኒኑንም እዚያው ሰጠኋት።

መንገድ ላይ መጣባት። ቆመች። ጋቢዬን ዘርግቼ በነፋሱ ፊት ቆምሁ፣ ምሥራቅም በወዲያ በኩል ቆመች። ከቅዳሴ የሚመለሰው ሰው ዙሪያችንን አልፎ ሄደ። አንዳንዱ «እግዚአብሔር ይማርሽ» አለ፣ አንዳንዱ በዝምታ አለፈ። እስኪለቃት ድረስ ክንዴ ዛለ።

ቤት ደርሰን አጥሚት አጠጣኋት። ምሥራቅ ወደ ልጆቿ ሄደች። ትተኛለች ብዬ አልጋዋን ሳስተካክል፣

«ወንጌል ሲነበብ መጥቶብኝ ነበር» አለች። «ቆሜ አሳለፍሁት።»

«ዝም በይ እትዬ፣ መናገሩ ያስነሣብሻል።»

«ዛሬ ዝም አልልም። ካልተናገርሁት መድኃኒቱ ይወስድብኛል።»

አጠገቧ ተቀመጥሁ።

«ከፊቴ አንዲት ሕፃን ነበረች፣ እናቷ አዝላት። አፏን ስትከፍት ብታያት፣ ልክ እንደ ጫጩት። እኔም እንደሷ ልክፈት አልሁና ፈራሁ። ስከፍት ቢመጣስ? ቢያስጮኸኝስ እዚያ ላይ?»

«መጣ?»

«መጣ። ከተቀበልሁ በኋላ ነው። አፌን ይዤ ነበር፣ ምሥራቅም አላወቀችብኝ።» ትንፋሿን ሰበሰበች። «የመምሬ ማዕረግ እጅ ይንቀጠቀጣል፣ ታውቃለህ? አርጅተዋል። እኔ ተኝቼ ሳለሁ ሰው ሁሉ አርጅቷል፣ ጌጡ።»

«እኔንም ጨምሮ?»

«አንተማ የተወለድኸውም አርጅተህ ነው።»

እንዲህ እያለች ቃሏ መጎተት ጀመረ። ክኒኑ ይዟት ነበር። «መጋረጃው ሲከፈት ደግሞ» አለችና ዐይኖቿ ተከደኑ። ጋቢዋን ደረብሁላት። ቁጭ ብዬ ጠበቅሁ፣ አልነቃችም። በጎቹ ገና አልገቡም ነበር፣ ስለዚህ ወጣሁ።

በማግሥቱ በሶዋን እየሰጠኋት ጠየቅኋት። «መጋረጃው ሲከፈት ምን ሆነ?»

ጭጋጓ ውስጥ ተመልሳ ነበር። ብዙ አሰበች። ከዚያ፣ «ጠል ጠል ሸተተኝ» አለች፣ «እንደ እርጥብ ገብስ።» ደግሞ ከመጀመሪያው ጀምራ ነገረችኝ።

አሁን ጥቅምት ነው። ገብሱ ሊታጨድ ነው፤ ነፋሱ ግን አልቀነሰም። ክኒኗን ትወስዳለች፣ ብዙውን ቀን ትተኛለች። አንዳንድ ቀን ሕመሙ መድኃኒቱንም አልፎ ይመጣል፤ ያን ጊዜ እኔም አብሬያት ቁጭ ከማለት በቀር የማደርገው የለኝም። ደክሞኛል። ዮሴፍ ሲደውል አልነግረውም። ነገር ግን በሶው ሲያልቅ በየቀኑ ስለዚያ ቅዳሴ እጠይቃታለሁ፣ እሷም ትነግረኛለች። ወንጌሉን ትናገራለች፣ የመምሬን እጅ ትናገራለች፣ ሽታውን ትናገራለች። አንዳንድ ቀን አንዱ ይጠፋባታል።

«ሕፃኗን ዘለልሻት» እላታለሁ።

«አዎ፣ ሕፃኗ» ትላለች። «አፏን እንዴት እንደከፈተች።»