የዘላለም ሰርግ ብርዝ

ዕፀገነት የጽጌሬዳን ነገር በሆዷ ይዛ ከረመች ቢባል ያንሳል። አሥራ አንድ ዓመት ይዛው ተኝታ ይዛው ተነሥታለች። ጽጌሬዳ የባሏ የኒቆዲሞስ ታላቅ እህት ናት። ከዘመዱ ሁሉ ቀና ብሎ የሚያናግራት የለም።

ነገሩ የብርዝ ነገር ነው። የኒቆዲሞስ ታናሽ ወንድም ዘላለም ሲዳር ለሙስሊም ጎረቤቶች የሚቀርበውን ብርዝ የበጠበጠችው ዕፀገነት ነበረች። ማሩን በውሃ በጥብጣ፣ በንጹሕ ጨርቅ አጥልላ፣ ጌሾ ሳታስነካ፣ ጠጅ ገብቶበት በማያውቅ አዲስ እንስራ ቅዳሜ ጠዋት አስቀመጠችው። እሑድ ምሳ ላይ የጎረቤቷ የዘምዘም አባት ሐጂ ዑመር አንዱን ብርጭቆ ጠጥተው፣ ሁለተኛውን አጋምሰው፣ ምላሳቸውን አጣጣሙ። ይሄ ነገር ይነክሳል አሉ። ብርጭቆውን አስቀመጡና "አስተግፊሩላህ" ብለው ወጡ። ሌላውም እሳቸውን ተከትሎ ወጣ፤ ማዕዱ ባዶውን ቀረ።

ማን ነው ያዘጋጀው ሲባል ሁሉም ወደ ዕፀገነት ዞረ። ያን ጊዜ ጽጌሬዳ እንግዶቹን እስከ በሩ ድረስ እየተከተለች፣ "ልጅ ናት፣ አታውቅም፤ ስለ እኔ ብላችሁ ማሯት" አለች። ዕፀገነትን ያንገበገባት ይህ ነው። የሠላሳ ስድስት ዓመት ሴት፣ የሦስት ልጆች እናት፣ ልጅ ናት ተባለች። ስድብ ቢሆን አፍ አላት፣ ትመልሰው ነበር። ላላጠፋችው ጥፋት ምሕረት ሲለመንላት ግን ምላሷ ተሳሰረ።

ጓዳ ገብታ እንስራዋን ብትፈልግ ጠጅ ተሞልቶበት፣ የተረፈውን ብርዝ ደግሞ ሌላ ጋን ውስጥ አገኘችው። እንስራው አዲስና ያማረ ስለሆነ ጽጌሬዳ ለጠጁ ፈልጋው፣ ብርዙን ቅዳሜ ረፋድ ላይ አሮጌ የጠጅ ጋን ውስጥ ገልብጣዋለች። የጠጅ ጋን በግራዋ ቢፈትጉት፣ በወይራ ቢያጥኑት፣ ጠጁ ከገላው አይወጣም። ያውም በሚያዝያ ሐሩር። ብርዝ ሲገባበት በአንድ ቀን ያፈላዋል። ይህን ጽጌሬዳ ታጣዋለች እንዳይባል፣ ዕድሜዋን ሙሉ ጠጅ ስትጥል የኖረች ሴት ናት።

ለባሏ ነገረችው። ኒቆዲሞስ በወንድሜ ሰርግ እህቴን ልታዋርጂ ነው ወይ፣ ዋጥ አድርጊው አላት። ዋጥ የሚደረግ ነገር መስሎት።

ዘምዘምና ዕፀገነት አቦከር ሰፈር ውስጥ በአንድ አጥር ያደጉ ናቸው። ከዚያ ወዲህ ዘምዘም ሰላምታ አላጓደለችም፤ ዕፀገነት ቤት ግን ጉሮሮዋን አርጥባ አታውቅም። ሻይ ሲሏት ጨጓራዬን፣ ውሃ ሲሏት አሁን ጠጣሁ። ዕፀገነት መንገድ ዳር ጭማቂ ትሸጣለች፤ ማንጎ፣ ዘይቱን፣ ጊሽጣ፣ ለሙቀቱ ደግሞ ሎሚ በዝንጅብልና በጤና አዳም። ረመዳን ሲገባ ዘምዘም በዕፀገነት ሱቅ ፊት አልፋ ፈረስ መጋላ ገበያ ድረስ ትሄድና የማፍጠሪያ ጭማቂዋን በፕላስቲክ ጠርሙስ አንጠልጥላ ትመለሳለች። የሎሚ ጭማቂ። ሎሚ ማንን አስክሮ ያውቃል? ዕፀገነት ይህን እያየች ዝንጅብሏን እንደ ጠላት ትወቅጠዋለች።

ዘንድሮ የጽጌሬዳ ልጅ አስቴር ልትዳር ሆነ። ዘመዱ ጽጌሬዳ ቤት ተሰብስቦ ሽንኩርት ሲከትፍ፣ ጽጌሬዳ ወንበሯ ላይ ተቀምጣ ሥራ ታከፋፍላለች። የሙስሊሞቹ ተራ ሲደርስ ለስላሳ ይገዛላቸው አለች። ከዚያም እየሳቀች፣ "የዕፀገነትን ብርዝ እንደሆነ አይተነዋል" ብላ ጨመረች። ቤቱ ሳቀ። ኒቆዲሞስም ፈገግ አለ።

የባሏን ፈገግታ ስታይ ዕፀገነት ቢላዋውን አስቀመጠች። እጇን በቀሚሷ ጠርጋ ወጣች፣ ባጃጅ ይዛ ሐጂ ዑመር ቤት ገባች።

ሐጂ በረንዳቸው ላይ ነበሩ፤ ዘምዘም አጠገባቸው ተቀምጣለች። ዕፀገነት ተቀመጪ እስክትባል አልጠበቀችም፤ ያን ብርዝ ያበላሸችው ብላ ስትጀምር ሐጂ እጃቸውን አነሡ።

"ልጄ፣ በሌለ ሰው ላይ የሚወራ ጊባ ነው። በዚህ ዕድሜዬ ሐሜት ሰምቼ አልሞትም። ባለቤቱ ባለበት ንገሪኝ።"

ዘምዘም እስከ በሩ ሸኘቻት። ፊቷ ጠቁሯል። "ዛሬ ትመጣለች፣ ነገ መጥታ እኔ አይደለሁም ትለኛለች እያልኩ ስንት ዓመት ጠበቅኩሽ። ዝም ስትዪ፣ አድርጋዋለች አልኩ" አለቻት። "አባባ ያሉሽን ደግሞ አታደርጊውም። አንቺ እንኳን ሴትዮዋን ጥላዋንም ትፈሪያለሽ።"

 የዕፀገነት ንዴት እጥፍ ሆነ፤ ዘምዘም ልክ ናታ።

የአስቴር ሰርግ እሑድ ዋለ። ለሙስሊሞቹ የራሳቸው ሰው አርዶላቸው፣ ለብቻቸው ዳስ ተጥሎላቸው፣ ፊታቸው ለስላሳ ተደርድሮላቸዋል። ስምንት ሰዎች ናቸው፤ ዘምዘም አለች፤ ሐጂ ዑመርም የወዳጅ ሰርግ አይቀርም ብለው በከዘራ መጥተዋል። ጽጌሬዳ በጥልፍ ቀሚሷ ብሉ፣ ጠጡ እያለች ስትዞር ዕፀገነት ገብታ የእጇን አንጓ ያዘች።

"እትዬ ጽጌሬዳ፣ ሐጂ ፊት የምጠይቅዎ አለኝ።"

"በልጄ ሰርግ?" አለች ጽጌሬዳ በጥርሷ መሐል።

"የእኔም ስም የጠፋው በሰርግ ነው። ያን ብርዝ ከእንስራዬ አውጥተው የጠጅ ጋን ውስጥ የገለበጡት እርስዎ ነዎት? አይደለሁም ካሉ ይማሉ።"

ኒቆዲሞስ ሮጦ መጥቶ ነጠላዋን ከኋላ ጎተተ። እሷ ዞር እንኳን አላለችም። "ያኔ እኔን ዝም አሰኝተኸኛል፤ ዛሬ ተራው ያንተ ነው" አለችው።

 ጽጌሬዳ እጇን ለማስለቀቅ ሞከረች፤ ዝንጅብል የሚወቅጥ እጅ ግን በዋዛ አይላቀቅም። የሚያግዛት ፊት ፈለገች፣ አጣች።

"ጋን ቸግሮን ነበር" አለች ቀስ ብላ።

የሐጂ ጆሮ ከብዷል። ምን አልሽ ሲሉ ዘንበል አሉላት። እንደገና ልትናገር ግድ ሆነ፣ ያውም ጮክ ብላ። እንስራው አምሮኝ ብርዙን ጋን ውስጥ ገለበጥኩት፣ በእሷም አሳበብኩ አለች።

 ሐጂ ወደ ዕፀገነት ዞረው፣ "በከንቱ ቂም ይዤብሽ ኖሬያለሁ። አውፍ በይኝ፣ ልጄ" አሏት። ይቅር ብያለሁ አለች። እውነቱ የወጣ ቀን እንባዬ ይመጣል ስትል ኖራ ነበር፤ የመጣው ግን ንዴት ነው፣ ድሮውኑ ሊነገር ይችል የነበረ ነገር በመሆኑ። ከክርስቲያኑ ዳስ የመጡት ዘመዶች በቃ፣ በቃ፣ ተነግሯል አሉ። ለማን ተነገረ? ለአንድ ሰው ነው የተነገረው፤ ሰባት ሰው ይቀራል።

የጽጌሬዳን አንጓ እንደያዘች ወደ ቀጣዩ ወንበር ወሰደቻት። ለነኢማ ደግሞ ይንገሩልኝ አለች። ነገረች። ለአብዱልፈታም። ነገረች። አንዱ ገባን፣ ተይ ሲል ዕፀገነት ጽጌሬዳ ጨርሳ እስክትናገር አልተንቀሳቀሰችም።

መጨረሻ ላይ ዘምዘም ነበረች። እዚያ ሲደርሱ የጽጌሬዳ ድምፅ ሰልሏል። ዕፀገነት ቆማ ጠበቀች። ጽጌሬዳ ጉሮሮዋን ጠረገችና ከመጀመሪያው ጀምራ ስለ እንስራው፣ ስለ ጋኑ፣ ማሯት ብላ ስለለመነችውም ምሕረት፣ አንድ ሳታስቀር ለዘምዘም ተናገረች። ዕፀገነት እጇን የለቀቀቻት ያን ጊዜ ነው።